የእርሳስ ፊደል

«አገሬ ልገባ ነው» ብትለኝ ሲራኑሽ፣
«ከዶሮ ማነቂያ ወዴት ነው ምትገቢ? ደግሞ ምን ነካሽ?»
ሳቀች። የሙት ዓመት ካርድ ነበር እጃችን ላይ፣
እኔ ፊደል ስለቅም፣ እሷ ስሕተት ስታይ።

«ዬሬቫን» አለችኝ፣ «የአባቶቼ አገር።»
ቃሉን ስትጠራው ምላሷ ሲቸገር
ሰማሁት፤ እንደ እንግዳ፣ ጫማውን በር ላይ እንዳወለቀ፣
ገብቶ መቀመጫውን እንዳላወቀ።

አያቷ ከዚያ አልመጣም፤ ከሌላ ከተማ ነው
በሌሊት የሸሸው፣ በእግሩ የመጣው።
እሷ እዚሁ ተወለደች፣ ከማተሚያ ቤቱ ጓሮ፤
ስድሳ አንድ ይሞላታል ለግንቦት፣ ዘንድሮ።

«ሄዶ የማያውቅ ሰው እንዴት ይመለሳል?»
አልኳት።
ከሣጥኑ አንዲት ፊደል አነሳች።
ሙሴ ሃጎፕ ሲያስተምሩኝ፣ «ፊደል ሁሉ ቤት አለው፣
ቤቱን የሳተ ፊደል ሰው ያጣላል» ይሉ ነበር።
እሷ ግን ሌላ ነገር አለች፦
«እርሳስ ላይ ያለ ፊደል ተገልብጦ ነው የሚቀረጽ፤
ወረቀት ሲያገኝ ነው የሚቃና።
ምናልባት፣ ዘርጋው፣ እኔም ስድሳ ዓመት
ተገልብጬ ኖሬ ይሆናል። ልረፍና
ይታይ።»
መልስ ነበረኝ። የቀለሙን ጣሳ ከደንኩ።

እድሩ ተሰበሰበ። አሥራ አራት ዓመት ገንዘብ ያዥ ነበረች፤
መዝገቡን፣ ማኅተሙን፣ የድንኳኑን ቁልፍ ቆጥራ አስረከበች፤
ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ የዓመት መዋጮ ከፈለች።
አቶ በዛብህ መነጽራቸውን አወለቁ፤
«አገሩ የሚገባ ሰው እድር ይከፍላል?» ብለው ጠየቁ።
«ለማንኛውም» አለች።
አዳራሹ ፈርሶ እንኳ ያ ቃል
እስካሁን ይሰማኛል።

በዋዜማው መጣች። መብራት ጠፍቷል፤ ጨለማ።
እጇን ሣጥኑ ውስጥ ሰደደች፣ ቆማ፣
አንዲት ፊደል አወጣች። የትኛዋ እንደሆነች አላየኋትም፤
እሷም አላየቻትም።
«ሻንጣው ኪሎው ሞልቷል» አለች፣ «ይቺ በኪስ ትሄዳለች።»

በዓመቱ ሰፈሩ ተነሳ።
ማተሚያ ቤቱ የነበረበት አሁን መንገድ ነው፣ ሰፊ፣
አበባ የተተከለበት፣ ማታ ማታ የሚያበራ።
አልዋሽም፣ ያምራል።
መሻገር ነው ያቃተኝ።
እኔ አንድ ሕንጻ ደረጃ ሥር፣ እዚያው አራዳ፣
ማኅተም እቀርጻለሁ፤ ሣጥኑ ከወንበሬ በታች ነው።

ጥር ላይ ደወለች።
«ዘርጋው፣ ወደቅሁ። መሬቱ በረዶ ነው፣ እንደ መስታወት።
ደጎች ናቸው፤ አነሱኝ፤
የተበተነ ብርቱካኔን አንድ በአንድ ለቅመው ሰጡኝ።
ቋንቋቸውም ለምዶልኛል።
ግን ወድቄ ሳለሁ፣ እዚያው መሬት ላይ፣ ጠበቅሁ።
ማንም ‹እኔን!› አላለም።»

ረዳቱ «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!» ይላል፤
አንድ ደንበኛ ማኅተሙን ይጠብቃል፤
ስልኩን ወደ ጆሮዬ ተጫንኩና
«እኔን!» አልኳት።
ሦስት ሳምንት ዘግይቶ፣
ጉልበቷ ከዳነ በኋላ።
ዝም አለች። ከዚያ አፍንጫዋን ጠረገች፣
ስለ ጋዝ ዋጋ ማውራት ጀመረች።

ማታ ሣጥኑን አወጣሁ።
ቃሏን በአሮጌው ወግ ልደረድራት፣
ተገልብጣ ልያት ብዬ።
እ፣ ቤቷ አለች።
ን፣ ሦስት አለች፤ አንዷ ጫፏ የተሰበረ።
የኔ ቤት ባዶ ነው።

እሷ ወስዳት ይሁን፣ ስንነሳ ወድቃ ቀርታ ይሁን፣
እንጃ። ስትደውል እጠይቃት ይሆናል።
እድሩ ተበታትኖም አልፈረሰም፤
አቶ በዛብህ ከሩቅ፣ በሁለት ታክሲ ነው የሚመጡት።
ለማንኛውም
የዘንድሮዋን ከፍዬላታለሁ።