ሁለተኛው ጣሳ

ገንደ ቆሬ ቦኖ ሁለት ጣሳ ነበር።
አንዱ በሰንሰለት ከግንቡ የሚታሰር፣
ለመጪ ለሂያጁ፣
ለእንግዳው፣ ለባዕዱ፣ ለሰካራም እጁ፤
ሌላው ከምስማር ላይ፣ ጠርዙ የጎበጠ፣
ከእነ ደግፌ ቤት በቀር
ማንም ያልጨበጠ።

አባቴ ከሐረር፣ ከሥጋ ደዌው ጣጣ፣
ድኖ ነው የመጣ።
«ተፈውሷል» የሚል ወረቀት ሊያወጣ
እጁን ኪሱ ሲሰድ
ሰዉ ወረቀቱን ትቶ ጣቶቹን ቆጠረ፤
ስድስት አለ። በቃ። እዚያው ላይ ቀረ።
በማግስቱ ጠዋት ምስማሩ ተመታ፤
መዶሻው የማን ነው?
ጎረቤት ዝምታ።

ታላቄ መንገሻ በጡጫው አደረ።
«ጣሳ» ያለው ልጅ ሁሉ ጥርሱን እየቆጠረ
ወደ እናቱ ሮጠ፤
ማታ ማታ እናቴ በየሰዉ ደጃፍ
ይቅርታ ስትለምን፣ ከደጅ ሳታልፍ።
አሥራ ስድስት ሲሞላው ከጭነት ባቡር ላይ
ዘሎ ጅቡቲ ገባ።
አንድ ጊዜ ብቻ ፎቶግራፍ ላከልን፦
አሥሩም ጣቶቹ ሙሉ ናቸው፣ እኛ እናውቃለን፤
ግን ሁለቱንም እጁን
ኪሱ ከትቶ ነው የተነሳው።

ትርንጎ ግን ሳቀች።
ለጣሳው ቀይ ሪባን ከጫፉ አሰረችለት፣
«ዋንጫችን» ብላ ስም አወጣችለት፤
«የቤተ መንግሥት ሰው
ከተራው ጋር ሆኖ መቼ ውኃ ይጠጣል?»
ሰፈሩ በሳቅ ሞተ፣ በቀልዷ ሰከረ፤
ከጣሳዋ ግን የጠጣ አልነበረ።
ሌሊት ከአንሶላ ስር፣ ከጎኔ ተኝታ፣
የነገውን ቀልድ ስትለማመድ ሰማኋት
በሹክሹክታ።

እናቴ ቦኖውን ከነጭራሹ ተወችው።
ከዚራ ድረስ ሄዳ፣ ከማያውቋት ደጅ፣
በጀሪካን ታመጣለች።
«የዚያኛው ይጣፍጣል» ትላለች።
የአንድ ቧንቧ ውኃ ነው።

አባቴስ? አባቴ ገና ጎህ ሳይቀድ
ደቻቱ ይወርዳል፤
በተረፉት ጣቶች፣ በወንዙ አሸዋ፣
ያንን ጣሳ ይፈትጋል።
ከሰንሰለቱ ይልቅ የእኛው ያበራል።
ማን አየለት? ፀሐይ።
አንድ ቀን አንድ እብድ አንስቶ ጠጣበት፤
ሰፈሩ «ምስኪን» ብሎ
ከንፈር መጠጠለት።

እኔ አለመጠማት ተማርኩ።
በትምህርት ቤት ጥግ ጥላ ተጠግቼ፣
የምራቄን ልክ አውቄ፣ ከንፈሬን ዘግቼ፣
«አልጠማኝም» ማለት
ቀስ በቀስ እውነት ሆነ።
የድሬን ውኃ ታውቁታላችሁ፤
ሲቀዱት ጥርት ያለ ነው፤
ማንቆርቆሪያው ነው የሚታወቅበት፣
ዓመት ሲያልፍ፣ ኖራው ሲጋገርበት።
አንዳንድ ቀን ደረቴን ባንኳኳው
እንደዚያ ይጮህ ይመስለኛል።

አሁን ቦኖው የለም።
ሳቢያን ቤት አለኝ፤ ቧንቧው ግቢ ገብቷል፣
ብርጭቆ በደርዘን ቁም ሳጥኑን ሞልቷል።
ባለፈው ሐሙስ፣ ሰባት ሰዓት ላይ፣
ድሬ በሯን ዘግታ በተኛችበት ሐሩር፣
አንዲት ሃይላንድ ለቃሚ
ማዳበሪያ ተሸክማ ከበሬ ቆመች፤
«ውኃ» ነው ያለች።
እጄ ሳላዘው ከበሩ ኋላ ሄደ።
እጀታው የወለቀ ኩባያ አለ እዚያ፤
ለካስ ቦታ ነበረው!
ለካስ እኔው ነኝ እዚያ ያኖርኩት፣
ለማን እንደሆነ ራሴን ሳልጠይቅ።

ልጅቷ አየችው።
አልተቆጣችም። አልሳቀችም።
ከማዳበሪያዋ አንድ ሃይላንድ መዛ
ክዳኑን ፈታችና፦
«ተዪው እትዬ፣ ከላይ አንቆርቁሪልኝ፤
እኔ የራሴን ይዤ ነው የምዞረው።»
ቀዳሁላት። ሄደች።
ስሟን አልጠየቅኋትም።

ኩባያውን ልወረውር አነሳሁ፤ አልቻልኩም።
ከቧንቧው ስር ሞላሁት።
ቆሜ ጠጣሁበት።
ኖራ ኖራ ይላል።