ዳኛው ቅጠል

ኅዳር እዚህ አገር ውርጭ አያውቅም ከቶ፤
ፀሐዩ ከማለዳ ቀይ አፈሩን ቆልቶ፣
ቀትር ላይ ይውላል ብረት ሆድ ውስጥ ገብቶ።

በሰሜን አውስትራልያ፣ በከብት አርቢዎች አገር፣
ኮራሊ ፖስታ ቤት ናት፣ በጎማ የምትሄድ፤
ደብዳቤ፣ የላም ክትባት፣ ጫጩት በካርቶን፣ ገመድ፣
ሦስት መቶ ኪሎሜትር አስፋልት አልባ መንገድ።

ቶዮታዋ አሮጌ ነው፣ ከእሷ በሁለት ዓመት የሚያንስ።
አሸዋማው አቀበት ላይ፣ በአንደኛ ማርሽ ሲያለቅስ፣
መርፌው ወደ ቀዩ ቀስ... ቀስ... ቀስ...
ራዲያተሩ ፈልቶ እንደ ተቆጣ እባብ ሲተነፍስ፣
ቆማ ትጠብቃለች፣
ጥላዋ ከእግሯ ሥር ወጥቶ ከጎኗ እስኪደርስ።

ሰበቡን ታውቀዋለች፦
ያ አሮጌ ማራገቢያ፣ በቺንጋ የታሰረ፣
ሞተሩ ሲሮጥ የሮጠ፣ ሲያዘግም ያደረ፣
ነፋስ በሚያሻው ሰዓት ነፋስ የቸገረ፣
በጠዋቱ ቅዝቃዜ፣ ማንም ሳይለምነው፣ ጉልበት የመዘበረ።

አባቷ ሜርቪን ግን፣ ሰማንያ ሁለት ዓመቱ፣
በርሜል ላይ ተቀምጦ ከጋራዡ ፊት ለፊቱ፣
«ቺንጋ እንደ ሰው ነው፣ ሲታመም ይጮሃል፤
ሽቦ ግን ምላስ የለው፣ ድንገት ጥሎሽ ይሄዳል» ይላል።

መልስ አልሰጠችውም።
ከስታማቲስ ግቢ፣ ከተጋጨች ፎርድ ደረት ፈልቅቃ፣
መንታ ማራገቢያ በአርባ ዶላር ገዝታ፣ በብርድ ልብስ ደብቃ፣
የዓመታት አቧራውን ሌሊት በጥርስ ብሩሽ ፍቃ፣
ፊውዝ፣ ሪሌ፣ ወፍራም ሽቦ፣ ሙቀት ጠባቂ ቁልፍ፣
ዘጠና ሁለት ሲደርስ «ተነሥ»፣ ሰማንያ ሰባት ሲወርድ «እረፍ»፤
አንዲት ማጥፊያ ደግሞ ከመሪው ሥር፣ ወንዝ ስትሻገር ልትዘጋ፣
ውሃ የመታው ክንፍ ታጥፎ ራዲያተሩን እንዳይወጋ።
ሦስት ሌሊት ሠራች። በአራተኛው ሲነጋ
ሞተሩን አስነሣች።

ዘጠና። ዘጠና ሁለት።
መንታዎቹ ተነሡ፣ ቀፎው እንደ ተነካ ንብ።
ዘጠና ስድስት።
መቶ።
ማራገቢያው ይዞራል፤ መርፌውም ይወጣል።
አጠፋች። አቀዘቀዘች። እንደገና ሞከረች።
መቶ ሁለት።
ካቻቢቴውን ወደ ግድግዳው ወረወረች።

«አላልኩሽም?» እስኪላት ጠበቀች፤ አላላትም።
ሽማግሌው ከበርሜሉ ተነሣ፣
ከዘራውን ረስቶ ወደ ደጅ ወጣ፣
ከባሕር ዛፉ አንድ ቅጠል ቀጠፈ።
(እዚህ ዛፉ ባሕር አልተሻገረም፤
እኛ ነን መንገደኛ ስም ያወጣንለት፣
እሱ ከሥሩ ንቅንቅ አላለም።)

ቅጠሉን በሁለት ጣቱ ከራዲያተሩ ፊት ያዘ።
ለቀቀው።
መለጠፍ ሲገባው ቅጠሉ ፈረጠጠ፣
የሜርቪንን ጉንጭ በጥፊ ብሎ
ወደ ሜዳው አመለጠ።

ሽማግሌው ቃል አልተነፈሰም።
ሁለት ጣቶቹን አነባበረ፣
ቀዩን በጥቁሩ ቦታ፣ ጥቁሩን በቀዩ።

ገባት።
ሞተሩን ልታድን የጠራችው ነፋስ፣
ከኋላ ወደ ፊት፣ ከሞቀው ወደ ደጁ፣
መንገዱን ስቶ ሲተፋ ነበር የዋለው።
ኃይል አልጎደለም። ፊቱን ያዞረ ነበር።

ሁለቱን ሽቦ አቀያየረች። ሜርቪን ሌላ ቅጠል አመጣ።
ያዘው። ለቀቀው።
ጥብቅ አለ ራዲያተሩ ላይ፣
እንደ ቴምብር በፖስታ ላይ።

ዓርብ ዕለት አሸዋውን በአንደኛ ማርሽ ወጣችው፤
መርፌው ዘጠና ሁለትን ነክቶ፣ አፍሮ ተመለሰ።
ወንዙ ዳር ማጥፊያውን ተጫነች፤
ውሃው ከኮፈኑ ሥር ሲያጉረመርም ብቻ ተሰማት።

ማታ ደጃቸው ገብታ ቁልፉን ስታዞር
ሞተሩ ተኛ፤ ማራገቢያው ግን አልተኛም፣
በጨለማው ለብቻው ትንሽ ዞረ፣ እንደ ሰው ሐሳብ።
ሜርቪን በርሜሉ ላይ ሆኖ አዳመጠው።
«ቋ» አለ ሪሌው። ጸጥታ።

«እራቱ ይቀዘቅዛል» አለ።

ከወንበሯ ሥር ግን አሮጌው ማራገቢያ፣ ከነቺንጋው፣ በማዳበሪያ ተጠቅልሎ ነበር፤
እሷ አልነገረችውም፤
እሱም አይቶ እንዳላየ፣ ጥቅሉን በእግሩ ወደ ውስጥ ገፋ አደረገው።