የተራራው ዕዳ

ገና ሳይነጋ፣ መሰርሰሪያው ሲያጓራ፣
ኦርሊን ከአጥሩ ጥግ አየችው ያን ተራራ፤
ቤቷን ከነጣራው በአመድ የዋጠውን፣
የስፌት መኪናዋን ከነክሩ ያቀለጠውን።

“ስንት ደረሰ?” አለች።
“ሁለት ሺህ ሜትር ግድም፤
እንፋሎቱ ይፋጃል እማማ፣ ቢውል ቢያድር አይበርድም፤
አምፖል ያበራልሻል” አለ ሌኖክስ ቆፋሪው፣
ጭቃ ፊቱን ወርሶት፣ ጥርሱ ብቻ የቀረው።

እሳት አመድ ወለደ ሲባል ነው የሰማነው፤
በሞንትሴራት ግን አመድ እሳት ሊወልድ ነው።

አልሳቀችም። ጎንበስ አለች፣
መሬቱን እንዳተኮሰው ልጅ ግንባር በመዳፏ ዳበስ፣ ዳበስ አረገች።
“ዕዳ ነው፣” አለች፣ “ስጦታ አይባልም፤
ይክፈል፤ በአንድ አምፖል ግን አያልቅም።”

ጥቂት ሄዳ ተመለሰች፤ “ሌኖክስ፣” አለች፣ “ልጄ፣
የስፌት መኪናስ ያዞራል? ሥራ ፈትቷል እጄ።”