የሰማያዊዋ አበባ ሙግት

መጋቢት በታርቱ፣ ብርዱ ሄደ አይባል፣
አልሄደም አይባል፤
የወንዙ በረዶ ቀን ይሰነጠቃል፣
ሌሊት ይጋጠማል።

የእጽዋት ቅጥሩን በር የምከፍተው እኔ ነኝ፣
ሃያ ስድስት ዓመት አካፋ ይዤ ጎንበስ ያልሁ ሴት ነኝ፤
የቀረውን ዕድሜዬን ጉልበቴን ጠይቁልኝ።
ትኬት የለም፤ የፈለገ ይገባል፣
ውሻ የያዘ ይመለሳል፤
ቢጫ ሰደርያ ያጠለቁ ሕፃናት፣
አንዲት ገመድ ጨብጠው፣ በክር እንደ ተሰኩ ጨሌዎች፣
ኩሬ ኩሬውን እየረገጡ ያልፋሉ።

መጀመሪያ የሚወጡት ነጫጮቹ ናቸው፣
አንገት የደፉቱ፣
ያደፈ በረዶ ገና ሳይገፍ ከላዩ መሬቱ።
እነሱን ሁሉም ያያል፣ ፎቶ ያነሣል።
ሰማያዊዋን ግን፣ ሲኒሊል የምንላትን፣
ከትልቁ ሊንደን ሥር የምትሸሸገዋን፣
ጎንበስ ያላለ ሰው አያገኛት፤
ያምናው ቅጠል ነው የደረበላት።
ጸጉር አላት አንገቷ ላይ፣ እንደ ጫጩት ለስላሳ፣
ትወጣለች ቅጠል ገፍታ፣ ያለ ማንም ቅስቀሳ።

ቬልዮ ሰዓት ጠጋኝ ነበር፤ ሚስቱ ማይሙ የሒሳብ መምህርት።
በየዓመቱ ይመጡ ነበር፣ ባንድ ዣንጥላ ሁለት፣
ባንድ ደብተር ሁለት፣
ባንድ ጥያቄ ሁለት፦
አበባ አበበ የሚባለው መቼ ነው?
«ቀለሙ ብቅ ሲል ነዋ!» ይላል እሱ፤
«ጭንቅላቱ የታየ ሕፃን አልመጣም ይባላል ወይ?»
«ሲከፈት ነው» ትላለች እሷ፤
«የታሸገ ፖስታ አንብበህ ታውቃለህ ወይ?»

«ኡርቬ፣ አንቺ ፍረጂን!» ይሉኛል ሁለቱም ባንድ አፍ።
ሞኝ አይደለሁም እኔ፣ በባልና ሚስት መሃል የምሰለፍ፤
«ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» እላለሁ፣
ወደ ቁፋሮዬ እመለሳለሁ።
ሃያ ዓመት ዳኛው ሸሸ፤ ሃያ ዓመት ሙግቱ ከረመ።
ደብተሩ ላይ ግን የሷ ቀን ብቻ ታተመ፤
እስክሪብቶው የሷ ነበረና።

ዘንድሮ ብቻውን መጣ።
አልጠየቅሁትም። ከተማችን ትንሽ ናት፤
ወሬ ከአበባ ቀድሞ ነው የሚወጣ።
ማንም ለሌለበት ቀኙ ዣንጥላውን አዘንብሎ፣
ግራ ትከሻው በስብሶ፣ መጥቶ ቆመ ቀስ ብሎ።

አንዲት ነበረች ከሊንደኑ ሥር፤ ቀለሟ የታየ፣ አፏ የተዘጋ።
«ይኸው ቬልዮ፣ ባንተ ሕግ ዛሬ ነው፤ ጻፈው» አልሁት ጠጋ ብዬ።
ደብተሩን ከደረቱ አወጣ፤ መልሶ ከተተ።
«ፀሐይ ካልወጣች አትከፈትም» አለ፤ «እጠብቃለሁ።»
ሰማዩን አየሁት፤ የድስት ክዳን ነው። ምን እላለሁ?

ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆመ።
ባለ ገመዶቹ ሲመለሱ፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ አንዲት፣
«አበባው ተኝቶ ነው ወይ?» ብላ ጠየቀች።
«ተኮራርፈን ነው» አላት።
ልጅቱ ገባት፤ ራሷን ነቀነቀች።

አመሻሽ ላይ በሩን ስዘጋ፣ ምንም ሳይጽፍ ወጣ።
በማግሥቱ፣ ረፋዱ ላይ፣ ደመናው ተቀደደና ብርሃን መጣ።
ሲኒሊሏ ተከፈተች፦ ሰባት ቅጠል፣ ነጫጭ ክር በመሃል፤
ያን ሰማያዊ ምን ልበለው?
ዝቅ ተደርጎ የበራ የጋዝ ምድጃ ነበልባል።

ቬልዮ ተንበረከከ፤ ጉልበቱ ሲንቋቋ ሰማሁ፤
ከኋላው ቆሜ፣ ነውር ነው፣ ደብተሩን ሰርቄ አየሁ።
በሷ ሕግ፣ በሷ እስክሪብቶ፣ የዕለቱን ቀን አሰፈረ።
ክዳኑን ሊገጥም ሲል ተወው፤
ጠርዙ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣
«ትናንት» የሚል ቃል ጨመረ።

ቀና ብሎ አየኝ።
«ኡርቬ፣ አሁንስ ትፈርጃለሽ?»
«ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» አልሁት፣
«ናችሁ» ላይ ድምፄን ሳልቀንስ።
ባርኔጣውን ነካ አደረገ። እኔም አካፋዬን አነሣሁ፣
የጀመርሁትን ልጨርስ።