ሃያ ሰባት አጥንት

ቫልዲቪያ ላይ ዝናብ ጀምሮ አያባራም፤
ዓሣ የዳሰሰ እጅ በሳሙና አይጠራም።
ከወንዙ ዳር ገበያ አባቴ ዓሣ ሲገፍፍ፣
የባሕር አንበሳ ከኋላው አንጀት ሊቀልብ ሲሰለፍ፣
ጠየቀኝ፤ ቢላውን ሳይጥል፣ ዓይኑን ከዓሣው ሳይነቅል፦
«ምን ይባላል የገባሽበት? ለጠየቀኝ ሰው ምን ልበል?»
«የሰው ሥነ ሕይወት» አልኩት። «እ… ሐኪም ልትሆኚ ነዋ?»
«አይደለም።» «ነርስ?» «አይደለም።» ከእንጨቱ ላይ ቆመች ቢላዋ።
«ታዲያ ምን ትሆኛለሽ?» መልሱን እኔም አላውቅ፤
ሁለት ኪሎ በጋዜጣ ጠቅልዬ ሰጠሁ ለሚጠብቅ።

በመጀመሪያው ሳምንት መምህራችን ኢስሜንያ
የጫማ ሣጥን አደለችን፤ ምንም ሳትል መግቢያ።
«የአንድ ሰው እጅ ነው» አለች፤ «አጥንቱ ሃያ ሰባት፤
ሳይሞት የፈቀደልን ነው፤ ስሙን ተዉት፤ ቀስ ብላችሁ ግጠሙት።»
ስምንቱ የእጅ አንጓ ከጠጠር ብዙም አይበልጡ፤
ጀልባ፣ ጨረቃ፣ አተር ብለዋል የጥንቶቹ ስም ሲያወጡ።
ፋብሪሲዮ አተሯን ጣላት፤ ከወንበር ሥር ተንከባለለች፤
ብሩኒልዳ በጉልበቷ ሄዳ ዳሰሰች፣ ዳሰሰች፣ አገኘች።

ያን ማታ ከእራት ላይ የአባቴን ግራ እጅ ቆጠርኩ፤
ገመድ የወሰደውን ጣት በልቤ እየቀነስኩ።
ሃያ ሰባት ሲቀነስ ሦስት፤ ሃያ አራት ይቀራል።
«ምን አፈጠጠሽ?» አለ። «ዳቦ አቀብዪኝ። ሾርባው ይቀዘቅዛል።»

አራት ዓመት ነጎደ፤ ፎርማሊን ለብሶ ካፖርታችን፣
ሌሊት የሸመደድነው ስም ጠዋት እየከዳን።
ስኳር በደም እንዴት እንደሚሄድ፣ ጨው በኩላሊት ሲጣራ፣
ልብ ስለ ፍቅር አንድም ሳታውቅ መቶ ሺህ ጊዜ በቀን ስትሠራ።
«በሩን ነው ያሳየኋችሁ፤ ውስጡን እኔም አላየሁ፤
የገባ ሰው ይጻፍልኝ» አለች ኢስሜንያ ስንመረቅ።
አንዴም አልጻፍኩ፣ ቃል ሰጥቼ እያለሁ።

ኔልሶን ሰው ሲተኛ ያያል። ደመወዝ ይከፈለዋል።
በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ በሽቦ ጫካ መካከል፣ የሌላውን ሕልም ይጠብቃል፤
እሱ ራሱ እንቅልፍ ካጣ ዓመት አልፎታል።
ፋብሪሲዮ ሳንቲያጎ ገብቶ የሕይወት መድን ይሸጣል፤
የልብ ቧንቧ ስሎ ሲያሳይ ደንበኛው ሳያነብ ይፈርማል።

ብሩኒልዳ ሰሜን ናት፤ ዝናብ የማያውቀው በረሃ፤
ዛሬም በጉልበቷ ናት፤ ከወንፊት ጋር፣ ያለ ውኃ።
ልጃቸው ወጥቶ ያልገባ እናቶች ከጎኗ ቆመው፣
ጥፍር የምታህል ስባሪ ከአሸዋው ላይ ለቅመው፣
«ይቺ የማን ናት?» ይሏታል። ሳይረጋገጥ አትመልስም።
አንዳንዴ ሌሊት ትደውላለች። አታወራም። እኔም አልጠይቅም።

እኔ ኮንሴፕሲዮን ነኝ። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት
ክሊኒኩ ሳይነቃ እገባለሁ፤ ጫማ አውልቄ፣ እንደ ጸሎት ቤት።
ሽቶ አልቀባም፤ ሽታ አይወዱም። የዓሣ ሻጭ ልጅ ለዚህ በቃች!
ትናንት ማታ ሁለት የነበረች አራት ሆና አነጋች።
ያቺኛዋ ግን ቆማለች። የማን እንደሆነች አውቃለሁ፤
ስልክ የምትጠብቅ ሴት አለች፤ ቃል አነሳለሁ፣ እጥላለሁ።

ባለፈው ገና አባቴ መጣ፤ ጫማው እንደ ወትሮው ርሶ።
ፎቶዋን አሳየሁት፤ ስምንት ሕዋስ፣ ቀጭን ክብ ለብሶ።
መነጽሩን ጠረገ። አየ። አራት ጣቱን ከጠርዙ ላይ አሳርፎ፣
«የዓሣ እንቁላል ነው» አለ። ከዚያ፣ ትንሽ ጊዜ አልፎ፦
«እኔም ደኅናውን ከብልሹው ብርሃን ላይ ይዤ እለያለሁ፤
እንኪያስ ለምን አራት ዓመት ኪራይ ስከፍል ኖሬአለሁ?»

ሳቅን። ቀጥሎ ጠየቀኝ፣ ሥራዬን ሰው ምን እንደሚለው።
ስሙን ነገርኩት፤ ረጅም ነው፤ ሁለቴ ሞክሮ ተወው።
ገበያ ግን፣ ከቢላዋው ቀና ሳይል፣ ለጠየቀው
«ማይቴን ትቆጥራለች» ይላል አሉ፤ «ሳይነጋ፣ ገና የሚመጣውን ሰው።»