በቀን አንድ ስንዝር

ፒያሳ፣ ከድሮው የጣልያን ሕንፃ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣
መስታወቱ የተሰነጠቀ አዳራሽ አለ፣ ወደ ግንቡ የሚያይ።
ሐሙስ ሐሙስ ማታ እዚያ እንሰበሰባለን፣
አሥራ አንድ ሰዎች። ጫማ እናወልቃለን።

እኔ የማዘጋጃ ቤት ካርታ ነዳፊ ነኝ፣
ስለ አንድ ክንድ ድንበር ቀኑን ሙሉ ሰው የሚጨቀጭቀኝ።
ዓለምሸት ነርስ ናት። ደባሽ ባጃጅ ይነዳል።
ከጥግ ጋሽ ቢያድግልኝ፣ ጡረተኛ፣ ካፖርታቸውን የማያወልቁ፤
ለምን እንደመጡ እኛም አልጠየቅን፣ እሳቸውም አላሳወቁ።

ማስተዋል ግድግዳው ላይ ፎቶ ለጠፈች፦
የምድር ጫፍ። በረዶ፣ በረዶ፣ ከኋላው በረዶ።
«ይህን አሳዩኝ» አለች፣ «መጀመሪያ በገላ፤
እርሳሱ ይደርሳል ኋላ።»

ሳቅን።
እኛ በረዶን የምናውቀው በእንግድነቱ ነው፤
ሐምሌ ላይ ቆርቆሮ እየደበደበ የሚመጣ፣
ልጅ አፍሶት አፉ ሳይደርስ ከጣቱ መሃል የሚወጣ።
የደባርቅ ሰው አመዳይ ይላል፣ ውርጭ ይላል፣ ቁር ይላል፤
ከዚያ ወዲያ ቃላችን ያልቃል።
ይህ ግን ነዋሪ በረዶ ነው። አገር የሆነ።
የሚሄድም፣ እንደ ወንዝ።
«በቀን አንድ ስንዝር» አለች ማስተዋል፣
«ከበሩ እስከ መስኮቱ፣ በአንድ ሰዓት፣ ሳትቆሙ።»

ወይ ጣጣ! የጎንደር ትከሻ ዝግ በል ቢሉት መች ይሰማል?
ዝም ባለ ቤት ውስጥ እንኳ እስክስታው ያሳክከዋል።
ደባሽ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ በሳቅ ፈነዳ።
ዓለምሸት ግን ሄደች፣ እንደ ሌሊት ተረኛ፣
እንደ ግሉኮስ፣ ጠብ… ጠብ… ሳትቀሰቅስ በሽተኛ።
እኔ ተረከዜን ሳነሣ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፤
የወለሉን ጣውላ አንድ ባንድ ቆጠርኩ፣
ከታች የባጃጅ ጡሩምባ ከሌላ ዓለም መጣ።

ጋሽ ቢያድግልኝ መሃል ደርሰው
ቀኝ ትከሻቸውን ጣሉ።
አንዴ ብቻ።
እስክስታ አልነበረም፤ አልነበረምም አይባል።
የፎቶው ግድግዳ ተንዶ ባሕር የገባ መሰለን።
«ሠላሳ ዓመት» አሉ፣ ከቆሙበት ሳይነቃነቁ፣
«የቢራ ፋብሪካው ማቀዝቀዣ ክፍል ነበርኩ።
በሩ ከባድ ነው። በትከሻ ነው የሚዘጋ።»
ለካ ካፖርቱ።

ከዚያ ወረቀት ታደለ።
ነጭ ወረቀት፣ ነጭ አገር፤ ምኑ ይሣላል?
እጄ ልማዱን ፈለገ፦ ችካል፣ የይዞታ ቁጥር፣
አዋሳኝ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ መንገድ።
«የደቡብ ጫፍ ላይ ቆመሽ ከሆነ» አለች ማስተዋል ከጀርባዬ፣
«በአራቱም ጎን አዋሳኝሽ ሰሜን ነው።»

ከሰል ሰጠችን። «ሙሉውን አጥቁሩት፤
ነጩን በዳቦ ልብ ፋቁና አውጡት።»
ከሰል! የምድጃ ነገር፣ በረዶ ሊወልድ!
ጥቁር አደረግሁት፣ ጠረግሁት፤ አንድ ነጭ ሸንተረር ብቅ አለ፣
ያለ ማስመሪያ የሣልኩት የመጀመሪያ መሬት፣
ባለቤት የሌለው፣ ካሳ የማይጠየቅበት።
አስፈራኝ። ከጥጉ አንዲት ችካል ጨመርኩ፣
አፈርኩና በዳቦ አጠፋኋት፤
ጥላዋ ግን አልለቀቀም።
ጋሽ ቢያድግልኝ ከጥቁሩ ውስጥ ያወጡት
የበር እጀታ ብቻ ነበር። ሌላውን እንዳለ ተዉት።

ስንወጣ መብራት ጠፍቷል።
ደረጃውን በስንዝር ወረድነው፣ እየተሳሳቅን፣
ጣቴ ላይ ከሰል፣ ኪሴ ውስጥ ቁራሽ ዳቦ።

ዓርብ ጠዋት ቢሮዬ አንድ ሰውዬ ገባ፣ ፋይሉን ታቅፎ።
«ጎረቤቴ ስንዝር ገፋኝ!» አለ።
«በስንት ቀን?» አልኩት።