ደመወዝ

አፉላ፣ ካሮጌው አውቶቡስ ተራ ጀርባ፣
ከኢየሩሳሌም ባለሥልጣን በጥቁር መኪና ገባ።
ሪባኑ ተቆረጠ፣ ጭብጨባው ጎረፈ፣
ንግግሩ ከጥላው ረዝሞ አለፈ፦
«ለዳር አገር ድጎማ፣ ለዳር አገር ጤና፣
ሦስት ዓመት እንከፍላለን፣ እናንተ በርቱና።»

እኔ ግን ወለሉን ነበር የማየው፣
አራት ጉድጓድ፣ አራት የብረት እግር የበላው፣
የእማዬ ስፌት መኪና ቆሞበት የኖረው።
ሃያ ሁለት ዓመት የቁልፍ ቀዳዳ ሰፋች እዚህ ቤት፤
ፋብሪካው ወደ ርካሽ አገር ሲሄድ ሸለሟት የግድግዳ ሰዓት።
እሱም በሁለተኛው ክረምት ቆመ።

አሁን እዚያው አዳራሽ፣ በነጭ ጋዋን፣
ያለ መርፌ ደም የሚያነብ መሣሪያ እንፈትናለን።
ለእማዬ ስነግራት ሳቀች፦ «ያለ መርፌማ ምን ይጠቀማል?»
መሣሪያው ሚጢጢ ነው፣ የልብስ መቆንጠጫ ያህላል፤
ጣት ይነክሳል፣ ቀይ ብርሃን በሥጋ ውስጥ ይልካል፣
ደምህ ስንት አየር እንደተሸከመ በቁጥር ይናገራል።

አንድ ማታ ብቻዬን ቀረሁ።
ትንፋሼን ዋጥኩና ጣቴን አጎረስኩት።
ዓይኔ እስኪጨልም ታገስኩ።
ዘጠና ዘጠኝ፣ አለ። ደህና ነሽ።
ደገምኩ። አሁንም ደህና ነሽ።

«ጣትሽ ቀዝቅዞ ይሆናል» አለ ኢታማር ጠዋት።
በሻይ ብርጭቆ አሞቅሁት።
ጣቴን ማሞቅ እችላለሁ፤ ማንጣት አልችልም።
የተፈታኞቹን ዝርዝር ዘረጋን፤
ሁለት መቶ አርባ ሰው፣ እኔን የሚመስል አንድም።
ሪፖርቱ በወሩ መጨረሻ ለመሥሪያ ቤቱ ይገባል፤
ካልገባ፣ ሁለተኛው ድጎማ ይቀራል፤
ከገባ ደግሞ፣ ውሸቱ በየጤና ጣቢያው ይታደላል።

ኢታማር አንገቱ ቀላ።
«ሰው ታመጪልኛለሽ?» አለ በኋላ፤
«ብርሃኑን የምናርመው ከደም አስተያይተን ነው።
ጥቂት ጠብታ።»
ቃሏን ይዤ ወደ አባቴ ቤት ሄድኩ።

አባቴ ባዩህ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጠፋ።
«ሰጥቼ ነበር» አለ።
«በወታደርነቴ፣ እጅጌዬን ራሴ ሰብስቤ።
ብስኩትና ጭማቂ ሰጡኝ፣ ካርድ ጻፉልኝ፣ አመሰገኑኝ።
ኋላ በራዲዮ ሰማሁት፦ የኛን ለብቻ ለይተው፣
ሳይነግሩን፣ ደፉት።
ውሃ የደፋ እንኳ ይቅርታ ይላል።»
ዝም አልኩ።
«ያው መንግሥት ነው?»
«ያው ነው፤ ሰዎቹ ተለዋውጠዋል።»
«ማህተሙስ?»

ሐሙስ እማዬ መጣች፣ የሰፈሩን ሴቶች አስከትላ፤
አራቱ ጉድጓድ መሀል ሄዳ ቆመች፣ ቦታዋን ማን ይነግራታል።
መሣሪያው የስፌት ጣቷን ነክሶ ቁጥር ጠፋበት።
«መርፌ ያልበሳውን ብርሃን ሊበሳው!» አለች፣
ሌላ ጣት ሰጠችው።
ወይዘሮ ትብለጥ ጠብታዋን ካየች በኋላ
«ይህቺም ትደፋ ይሆን?» ብላ ጠየቀች፤ ማንም አልሳቀ።
አርባ አንድ ሰው ሞላን።

ሪፖርቱ ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው
አባቴ በሩ ላይ ቆመ። ኮቱን አላወለቀም።
ከኪሱ ጠርዙ የተበላ የደም ለጋሽ ካርድ አወጣ፣
ከማይክሮስኮፑ ጎን አኖረው።
«መጀመሪያ ይኼንን መዝግቡ» አለ፤
«ያኔ የሰጠሁት ነው። የዛሬው ከዚያ በኋላ።»
ኢታማር ቅጹን አገላበጠ፣ ደግሞ አገላበጠ፤
የሚጻፍበት ሣጥን የለም።
ባዶው ኅዳግ ላይ ጻፍኩት፣ በእጄ፣ በአማርኛ፤
አስተርጓሚ ይፈልጉ።

ያኔ እጅጌውን ሰበሰበ።

ማታ ስልኬ ጮኸ፦ ደመወዝ ገብቷል።
ቃሉን ለሁለት ሰብሬ አየሁት፦
ወዙ የእማዬ ነው፣ ደረሰኝም የለው፤
ደሙ የአባዬ ነው፤
ገና ኅዳጉ ላይ ነው።